ለእትዬ ፊት የተላከ ቅባት

ቃሊቲ፣ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሥርጉት፣ ስዊድን አገር፣ ማልሞ ከተማ

ከአቃቂ ድልድይ እስከ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ዘንድሮ እንደ እኔ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው የለም። ጉራ እንዳይመስልሽ። እሺ፣ ትንሽ ጉራ አለበት፤ ሰው ሁሉ በስልክ ስለሚጻጻፍ ወረቀቱ ለእኔ ብቻ ቀርቶልኝ ነው። በማታ ትምህርት ክፍላችንም ሁለተኛ ነኝ። አንደኛዋ ከፊቴ የምትቀመጠው ሽንኩርት ነጋዴ ናት፤ እሷም መምህርት ፌኔት ስለምትወዳት ነው። እሺ፣ ጎበዝ ናት።

ለመሆኑ ብርዱ እንዴት ይዞሻል? እኔ አጎትሽ ሀብተሚካኤል እስከዚህች መስመር ድረስ በሙሉ ጤና ደርሻለሁ፤ ከዚህ በታች ያለውን ፈጣሪ ያውቃል። በሄድሽበት መልካም ሰው ይግጠምሽ፤ እጅሽ የነካው ይባረክ፤ ክፉ አይይሽ።

ስልክ ምን አለበት ትይኝ ይሆናል። አንደኛ፣ የእኔ ስልክ ሚኒባስ ውስጥ ተሰርቆ አሁን የያዝኩት ሲፈልግ የሚጠራ ሳይፈልግ የሚተኛ ነው። ሁለተኛ፣ እናትሽ በስልክ መስማት አቅቷታል። ባለፈው አንቺ «እማዬ እንዴት ነሽ?» ስትያት እሷ «ማነሽ? ማን ልበል?» እያለች ስትጮህ ሙህዲን ከሱቁ ወጥቶ «እማማ፣ ሥርጉት ናት!» ብሎ ነገራት። በአጠገቧ ተቀምጬ ጆሮዋ ሥር ሳነብላት ግን አንዲት ቃል አታመልጣትም። ስለዚህ አንቺ ጻፊ፣ እኔ አነባለሁ። ከእንግዲህ የቤቱ አንባቢ እኔ ነኝ።

እናትሽ አሁንም ማረሚያ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከሙህዲን ሱቅ ጎን ነው የምትውለው። ጠያቂዎች ይዘው የማይገቡትን ስልክና ቦርሳ ትቀበላለች፣ ሲወጡ ትመልሳለች። ቁጥር አትሰጥም፣ ስም አትጽፍም። ፊት ታያለች፣ በቃ። ጠዋት ያስረከባትን ሰው ከሰዓት በኋላ ከመቶ ሰው መሀል ጠርታ ዕቃውን ትሰጠዋለች። እስከዛሬ የተሳሳተችበት የለም።

አሁን ግን የራሷን ፊት ነገር አንስታለች። ሙህዲን ሱቁ በር ላይ መስታወት ሰቅሎ ነበርና ሄዳ ቆመችበት። ተመልሳ መጥታ፣ «ሀብቴ፣ ሥርጉት ስትመጣ ይኼን ፊት ታውቀው ይሆን?» አለችኝ። ለፋሲካ እመጣለሁ ብለሽ አልመጣሽም። ምክንያቱን አልጠይቅሽም።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር የውበት ሳሎን ያላት ሚራክል የምትባል ልጅ «ለእሳቸው ፔፕታይድ ያለው ቅባት ነው» አለችኝ። ምንድን ነው ብላት «የሚያሳምር» አለች። አንቺ የፊት ቅባት የሚሸጥበት መድኃኒት ቤት ስለምትሠሪ ይህን ነገር ሳታውቂው አትቀሪም። አንድ ብልቃጥ ላኪላት፤ ምን እንደሚሠራም ጻፊልን።

ሌላ ወሬ የለም። አዎ፣ ግራ ጉንጯ ላይ፣ ከዓይኗ ዝቅ ብሎ፣ ምስር የምታክል ነገር ወጥታለች። ትደርቅና ትቀረፋለች፣ መልሳ ትወጣለች። ቅባቱ እሷንም ካጠፋልን ምርቃት ነው።

ይህን ያለ ማንም እርዳታ የጻፈው አጎትሽ ሀብተሚካኤል። (ሁለት ቃል ብቻ መምህርት ፌኔት አርማለች።)


ማልሞ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ሀብቴ

ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን ስሜያለሁ። እርስዎም እማዬም በሰላም ውላችሁ በሰላም ግቡልኝ። ደብዳቤዎን አውቶቡስ ውስጥ ከፈትኩትና መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ። በእጅዎ የተጻፈ መሆኑን ሳይ፣ ልጅ ሆኜ የትምህርት ቤት ካርዴን ገልብጠው ይዘው «በጣም ጥሩ ነው» ያሉኝ ትዝ አለኝ። አይቀየሙኝ።

ቅባቱን ወደ አዲስ አበባ በምትሄድ ጓደኛዬ እጅ ልኬያለሁ፤ ለሙህዲን ታደርስልኛለች። አሠራሩን እኛ ሥልጠና ላይ እንደተነገረን ልንገርዎ።

ፕሮቲን የሚባለው በክር እንደተሰካ ረጅም ዶቃ ነው። ፔፕታይድ ደግሞ ከዚያው ዓይነት ዶቃ አጭሩ ነው፤ ጥቂት ፍሬ ብቻ። ቆዳችንን ከውስጥ ወጥሮ የያዘው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው። የጭቃ ቤት ማገር ይበሉት። ዕድሜ ሲገፋ፣ ይልቁንም ፀሐይ ላይ ለሚውል ሰው፣ ማገሩ ይሰባበራል፤ የሚተካውም ያንሳል። ያኔ ጭቃው ይሸበሸባል። ኮላጅን ሲሰበር ታዲያ ቁርጥራጭ ይወድቃል። በቆዳ ውስጥ ያሉት ሠሪዎች ያን ቁርጥራጭ ሲያገኙ «የሆነ ቦታ ተሰብሯል» ብለው አዲስ መሥራት ይጀምራሉ። ቅባቱ ውስጥ ያለው ፔፕታይድ ያንን ቁርጥራጭ መስሎ የተሠራ ነው። ቆዳውን ተሰብሯል ብሎ ለጥገና የሚያስነሳ መልእክተኛ ይበሉት። መዳብ ይዞ የሚገባ ሌላም አለበት፤ መዳቡ ለጥገናው ይረዳል ይላሉ።

ግን እኛ ስንሸጠው እንደምናወራለት አይደለም። የቆዳ የላይኛው ንጣፍ እንደ እርስዎ እንደ መጋዘን ጠባቂው ነው፤ የመጣውን ሁሉ አያስገባም። ከሚቀባው የሚገባው ጥቂት ነው። ለውጡም ቢመጣ ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ እሱም ቀጭኑን መስመር ያለሳልሳል እንጂ ወጣት አያደርግም። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጥላ ነው። ባርኔጣ ታድርግ።

ስለ ፋሲካው ምክንያቴን ስላልጠየቁኝ አመሰግናለሁ። ወረቀት አልቆብኝ ነውና ጀርባውን ይመልከቱ፤ አጣብቄ ጽፌዋለሁ።

(በጀርባው)

ጋሼ፣ ስለዚያች ምስር የጻፉት እንቅልፍ ነሳኝ። ቅባቱን እሷ ላይ እንዳታስነኩ። ይህ የደህና ቆዳ ቅባት ነው እንጂ የቁስል መድኃኒት አይደለም። እየቀረፈ የሚመለስ፣ የማይድን ነገር ፀሐይ ላይ በሚውል ሰው ፊት ላይ ሲወጣ ሐኪም ማየት አለበት። ከመቼ ጀምሮ ነው? ይደማል? እባክዎ ይህን ከቅባቱ በፊት ያንብቡላትና የቆዳ ሐኪም ያሳዩልኝ። ምንም ላይሆን ይችላል። ምንም አለመሆኑን ግን ሐኪም ይንገረን።

ልጅዎ ሥርጉት


ቃሊቲ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሥርጉት

ዝናቡ ቃሊቲን ለከባድ መኪና ሳይሆን ለጀልባ አመቻችቷታል። በዚህ ሁሉ ጭቃ መሀል ሰላምታዬ ጫማው ሳይቆሽሽ ይድረስሽ። ዘመንሽ ይለምልም፤ የልመናሽን ፍሬ ብይ።

ቅባቱም ደብዳቤውም በአንድ ቀን ገቡ። እንዴት ያለ ንባብ እንዳነበብኩ ብታይ! እናትሽ በርጩማዋ ላይ፣ ሙህዲን በሱቁ መስኮት፣ ሚራክል ቅባቱን ልታይ ከቱሉ ዲምቱ ድረስ መጥታ፣ ጠያቂዎችም ወረፋቸውን ትተው ከበውኝ። እኔ ቆሜ። የማገሩ ነገር ላይ ስደርስ ሙህዲን «እንዴ፣ ታዲያ ይኼ ቅባት ውሸታም ነዋ! ያልተሰበረውን ተሰበረ እያለ ነው የሚያሠራው» አለ። «ለበጎ የሚዋሽ ነው፣ የኔ ቢጤ» አልኩት። ሰው ሳቀ። እናትሽ «ዝም በሉ፣ ልጄን ልስማበት» አለች። ቆዳ ጥበቃ አለው ማለትሽን ለመጋዘኑ ኃላፊ ነገርኩት፤ የደመወዝ ጭማሪው ላይ ያስቡበት ብዬ።

ጀርባውን ትንሽ በራሴ አነጋገር አሳጥሬ አነበብኩት። ልጄ፣ አጻጻፍሽ ፈጣን ነው። እኛ የተማርነው ፊደል ቀጥ ብሎ የቆመውን ነው፤ ያንቺ እየሮጠ ነው ያለፈኝ። ቢሆንም አልተሸነፍኩም።

እናትሽ ጠዋትም ማታም ትቀባለች። መቀባቷን ሳይሆን አንቺን መዳሰሷን ነው የሚመስለው። ፊቷ ለስልሷል ይላሉ። ሚራክል ራሷ «እማማ፣ ወዝዎ ተመለሰ» አለቻት። ስለ ምስሯ የጻፍሽው ደርሶናል፤ እሷም ሰላም ብላሻለች። አንድ ብልቃጥ ድገሚ። ከተቻለ ለእኔም። በር ላይ ስቆም ግንባሬ ከመጋዘኑ ቆርቆሮ ጋር አንድ ሆኗል።

አጎትሽ ሀብተሚካኤል፣ የማታው ክፍል ሁለተኛ


ማልሞ፣ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ሀብቴ

እንኳን ዘመን አሸጋገራችሁ። አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንላችሁ።

ደብዳቤዎ አስቆኛል። ሁለቴ አነበብኩት፤ በሁለተኛው አልሳቅኩም። «በራሴ አነጋገር አሳጥሬ» ሲሉ ምን ማለት ነው? ምን ብለው ነው ያነበቡላት? ምስሯ ሰላም ብላኛለች ብለዋል፤ እኔ የጠየቅኩት ይደማል ወይ ብዬ ነበር።

ደጋግሜ ደውያለሁ፤ አያነሱም። ሁለተኛ ብልቃጥ አልላክሁም። የእማዬን ፎቶ ይላኩልኝ። በግራ በኩል።

ልጅዎ ሥርጉት


ቃሊቲ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለሥርጉት

እንዴት ከርመሻል? በረዶው ላይ እግርሽን ያጽናልሽ፤ ከሚያዳልጥ ነገር ሁሉ ይጠብቅሽ።

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሥራ በዛ። መጋዘኑ ዕቃ ገብቶበት ነበር፣ ትምህርቱም ወደ ሂሳብ አልፎ ሂሳቡ ከእኔ ጋር አልተስማማም። ሽንኩርት ነጋዴዋ አሁንም አንደኛ ናት። ቀላል ባቡሩም... ተይው፣ የባቡሩን ነገር ሌላ ጊዜ።

ፎቶውን ሙህዲን በስልኩ አንስቶ አሳጥቦልኛል፤ እዚሁ ውስጥ አለ። ነጠላዋን እንዲህ ያደረገችው ብርድ ስለነበር ነው። ብርሃኑም በዚያ በኩል ጥሩ ስላልሆነ በቀኝ አዞርኳት። ፈገግታዋን ግን እይ። ቅባቱ ማለቁ ነው፤ ብልቃጡን በጣቷ እየጠረገች ታብቃቃዋለች። «ልጄ ቀቢ ካለችኝ እቀባለሁ» ትላለች።

ጤና ጣቢያ እንሂድ ብያት ነበር። እውነቴን ነው፣ ብያት ነበር። «የሰው ዕቃ ለማን ጥዬ? ደግሞስ ልጄ ከሐኪም አገር ልካልኝ የለ እንዴ?» አለችኝ። እኔም ወደ መጋዘኑ ተመለስኩ።

በሌላው ደህና ነን።

ሀብተሚካኤል


ማልሞ፣ ጥር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ሀብቴ

ጤና ይስጥልኝ። ይህን በፖስታ አልላክሁትም። ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ ወደ ሙህዲን ስልክ ልኬዋለሁ። እርስዎ እንደሚፈልጉት ቀጥ ባለ ፊደል ነው የጻፍኩት።

ፎቶው ደርሶኛል። በቀኝ አዙረዋት፣ በግራ ነጠላ ሸፍነውባት። ለሙህዲን ደወልኩለት። መጀመሪያ «ደህና ናቸው» አለኝ፤ ከዚያ «ሥርጉት፣ ምስር አይደለም አሁን። ሳንቲም ያክላል። መሀሉ ተቦርቡሯል፣ ጠዋት ጠዋት ይደማል» አለኝ። ስልኩን እንዲሰጣት ለመንኩት። ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮህኩባት፤ «እማዬ፣ ሐኪም ቤት ሂጂ!» አልኳት። ምን እንደመለሰችልኝ ያውቃሉ? «አዎ ልጄ፣ ደብዳቤው ላይ እንዳልሽው ቁስሉ ላይ እየቀባሁ ነው። እግዜር ይስጥሽ።»

ምን ብዬ ነው የጻፍኩት፣ ጋሼ?

ሙህዲን ደብዳቤውን እኔ ላንብብልዎ ቢላት «የቤቱ አንባቢ አለ፤ ሀብቴ አንብቦልኛል» አለችው። ስለዚህ ሌላ ሰው ሊያደርገው አይችልም። የሰኔውን ደብዳቤዬን ያውጡ። ያኔ በነበሩት ሰዎች ፊት፣ ከፊት እስከ ጀርባ፣ አንድም ሳይጨምሩ እንደገና ያንብቡላት። ከዚያ ሐኪም ቤት ይውሰዷት። የምለምንዎ ይህንን ብቻ ነው።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ለፋሲካ መምጣት እችል ነበር። ፈቃድም ነበረኝ፣ ትኬቱም አልጠፋም። ስሄድ የነበረችውን እማዬን ይዤ ነው የምኖረው፤ አርጅታ ማየት ፈራሁ። ቀኑን ሙሉ ለሰው የእርጅና ማዘግያ እየሸጥኩ፣ የራሴን እናት እርጅና ማየት አቃተኝ። ራሴን ከምልክ ቅባት መላክ ቀለለኝ። እርስዎ ላይ ስቆጣ ይህንን ሳልረሳ ነው።

ትኬት ቆርጫለሁ። ለየካቲት መጨረሻ እመጣለሁ።

ሥርጉት


ቃሊቲ፣ የካቲት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሥርጉት

ምርቃት ልጀምር ነበር፤ የእኔ ምርቃት አሁን ይደርሳል ወይ ብዬ ተውኩት። ፈጣሪ ከእኔ ሳይሰማ እንዲያው በራሱ ይባርክሽ።

ወሬውን ከፊት ልንገርሽ፤ እናትሽ ደህና ናት። ቆርጠው አውጥተውላታል። አሁን እንዴት እንደነበር አንድ በአንድ ልጻፍልሽ።

ያኔ ሐምሌ ላይ ቆሜ ሳነብ የፊቱ ገጽ አማረልኝ። ሰው አፌን አፌን እያየ «ማሻ አላህ»፣ «እግዜር ይባርክህ» ሲለኝ፣ ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ቀን ሰው ሆኜ አላውቅም። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ሁሉ ያነበበልኝ እንጂ ለማንም አንብቤ አላውቅም ነበር። ወረቀቱን ስገለብጠው ፊደሉ ተጣብቆ፣ ተደራርቦ፣ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል። «ምስር» የሚለውን አየሁ። «ቅባቱን» የሚለውን አየሁ። ሌላው ጠፋኝ። እናትሽ «ምን አለች ስለ ጉንጬ?» አለችኝ። አላውቀውም ማለት ነበረብኝ፤ «መምህርቷን ጠይቄ ልመለስ» ማለት ነበረብኝ። አፌ ግን ለወግ የለመደ ነው፤ «ጠዋትና ማታ እሷም ላይ ቀቢ፣ ትጠፋለች ብላለች» አለ። ሰው አጨበጨበ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ መጋዘኑ በር ላይ ቁጭ ብዬ ፊደል በፊደል ለቀምኩት። «እንዳታስነኩ» የምትለዋን ሳገኛት ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ያኔውኑ ሮጬ መንገር ነበረብኝ። አልሮጥኩም። ነገ እላለሁ፤ ነገ ሲመጣ ሰው «አንባቢው መጣ» ብሎ ይቀበለኛል፤ እሱን ሰምቼ ዝም እላለሁ። ጤና ጣቢያ እንሂድ ስላት ደግሞ ያንቺን ስም ትጠራብኛለች። በአንቺ ስም የዋሸሁትን ውሸት በእኔ ስም ላፈርሰው አልቻልኩም። እኔ ከተናገርኩት ያንቺ ቃል በለጠባት፤ ያንቺ ቃል ግን እኔው ነበርኩ። ቅባቱ ያልተሰበረውን ተሰበረ ብሎ ያስጠግናል ብለሽን ነበር። እኔ የተሰበረውን አልተሰበረም እያልኩ ጥገናውን አስቀረሁ። ሌላው ፊቷ ለስልሶ፣ ሰው እያመሰገናት፣ ያቺ ግን በነጠላ ሥር እየሰፋች ሄደች።

ሙህዲን ደብዳቤሽን አሳየኝ። ስልኩን ዘርግቶልኝ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ የጠያቂ ቀን ነበር። የሰኔውን ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ። ሚራክልን አስጠርቼ ሙህዲንን ከሱቁ አስወጣሁት። እናትሽ በርጩማዋ ላይ ሆና የአንዲት ሴትዮ ቦርሳ እየተቀበለች ነበር። «ሀብቴ፣ አዲስ ደብዳቤ ነው?» አለችኝ፣ ደስ ብሏት።

«አሮጌው ነው፣ እትዬ። በትክክል ላነበው ነው።»

«አንብበኸው የለ እንዴ?»

«ፊቱን ነው። ጀርባውን አላነበብኩትም።»

ቆሜ አልነበረም፤ ከበርጩማዋ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጬ ወደ ጆሮዋ ተጠግቼ አነበብኩላት። መስመሩን በጣቴ እየተከተልኩ። «እሷ ላይ እንዳታስነኩ።» «የቁስል መድኃኒት አይደለም።» «ሐኪም ማየት አለበት።» ስጨርስ ማንም አላጨበጨበም። አንድ ከባድ መኪና እየጮኸ አለፈ፤ እሱ እስኪያልፍ ጠበቀች።

«ያኔስ ምን ነበር ያነበብክልኝ?»

«የራሴን ነው፣ እትዬ። ማንበብ አቅቶኝ ነው።»

«አቅቶኛል አትለኝም ነበር?»

«አፈርኩ።»

ብዙ አየችኝ። ሰውን በፊቱ የምታውቀውን አስተያየቷን ታውቂዋለሽ፤ ዕቃውን ከማስረከቧ በፊት የምታየውን ማለቴ ነው። ከዚያ ነጠላዋን ከጉንጯ ላይ አነሳች፤ በሰው ፊት እንዲህ ገልጣው አታውቅም ነበር። «እሺ፣ ሐኪም ቤት ውሰደኝ» አለች። ግን ያንን ቀን የተቀበለችውን ዕቃ ለባለቤቶቹ መልሼ ሳልጨርስ አልነሳም ብላ እኔ አጠገቧ ስጠብቅ ዋልኩ። ስልክ ለባለስልኩ፣ ቦርሳ ለባለቦርሳው። የመጨረሻውን ካስረከበች በኋላ ተነሳች።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። እንዳየችው የቆዳ ካንሰር ሳይሆን አይቀርም አለች፤ ናሙና ወስደው መረመሩና ያው ሆነ። ይህኛው ዓይነት ቀስ ብሎ የሚሰፋ ነው፣ ወደ ሌላ አካል መሄዱ ብዙም አይታይም አለችኝ። ቅባቱ ያመጣው ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «ቅባቱ አላመጣውም፣ ሊያድነውም አይችልም። የጎዳችሁ የባከነው ጊዜ ነው። በክረምቱ ብትመጡ ትንሽ ቆርጠን በሁለት ክር እንሰፋው ነበር» አለችኝ። አሁን ሰፋ አድርገው ቆርጠው፣ ከጆሮዋ ጀርባ ቆዳ ወስደው ለጥፈውላታል። ዳር ዳሩን መርምረው ንጹሕ ነው ብለዋል። ለክትትል እንመላለሳለን።

ስትመጪ እንዳትደነግጪ አስቀድሜ ልንገርሽ። የግራ ዓይኗ የታችኛው ቆብ ትንሽ ወደ ታች ተስቧል። የተለጠፈው ቆዳ ቀለሙ ይለያል። በዚያ በኩል ስትስቅ ሙሉ አትስቅም። «ሥርጉት ታውቀው ይሆን?» ብላ የፈራችለት ፊት አሁን እውነትም ሌላ ሆኗል፤ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ትናንት ሙህዲን ሱቅ በር ላይ ያለው መስታወት ፊት ቆማ አየኋት። ባርኔጣዋን አስተካክላ ወደ በርጩማዋ ሄደች። ሰፊ ባርኔጣ ገዝቼላታለሁ፤ ጠያቂዎቹ ባርኔጣውን ከሩቅ አይተው ይመጣሉ።

ዛሬ ይህን ለአንቺ ልጽፍ መሆኔን ነግሬያት ምን ልበልላት አልኳት። «ደህና ነች በላት፤ ትምጣ በላት፤ አትፍራ በላት። እኔ ሀብቴን ይቅር ብየዋለሁ፤ አንቺም አትቀየሚው በላት» አለችኝ።

እዚህ ላይ ላቆም ነበር። ግን አንዲት ነገር ትቀራለች።

በዚህ ደብዳቤ የጻፍኩት ሁሉ እንደሆነው ነው፤ አንዱ ብቻ አይደለም። ጽፌ ስጨርስ እናትሽ «አንብብልኝ» አለችኝ። ከመጀመሪያው አነበብኩላት፤ የእኔን ጥፋትም፣ የሐኪሟንም፣ የዓይኗን ቆብም። ዓይኗን ከወረቀቱ ላይ ሳታነሳ ሰማችኝ። ይቅር ብየዋለሁ የሚለው ላይ ስደርስ እጄን ያዘችኝ።

«እሱን አላልኩም» አለች።

«ላጥፋው፣ እትዬ?»

«ተወው። ግን አላልኩም።»

ትቼዋለሁ። ግን አላለችም።

ሀብተሚካኤል